የሟቾች መዝገብና የኩባንያው ሒሳብ

የኮምፒዩተር ጨዋታን የሥራ ፈት መዝናኛ ነው ብለው የሚንቁ ሐያስያን፣ ሉካስ ፖፕ እ.ኤ.አ. በ2018 ብቻውን ሠርቶ ያቀረበውን «ሪተርን ኦቭ ዘ ኦብራ ዲን» ሊመረምሩት ይገባል። ተጫዋቹ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የመድን መርማሪ ሆኖ፣ በ1807 ሰው አልባ ሆና በተመለሰች መርከብ ላይ የ60 ሰዎችን ስምና ዕጣ ያጣራል። የመርከበኛው ማንነት የሚታወቀው ከሥራው፣ ከልብሱ፣ ከቋንቋው፣ ከመኝታውም ቁጥር ነው፤ የሥራው ትልቁ ጥንካሬ ይኸው ነው። መልሱ በሦስት በሦስት ስለሚጸድቅ ግን ግምትም ያልፋል፤ ይህ ቀላል ጉድለት ነው። ከባዱ ሌላ ነው፦ ሕንዳዊውና ቻይናዊው ባሕርተኛ ለምን በዚያች መርከብ እንደተቀጠሩ ጨዋታው አይጠይቅም። በመጨረሻ ኩባንያው ለአንዱ ሟች ወራሾች ካሣ ይቆርጣል፤ የሌላውን ውርስ ይቀጣል። ኩባንያው ራሱ ግን በተጠርጣሪዎች መዝገብ ላይ የለም።