ወረራውን መልሱልን

ለእኔ ትውልድ ሰንጠረዥ ማለት ኤክሴል ነው፤ ካልሆነም አርሴናል ስንተኛ እንደሆነ የምናይበት የደረጃ ዝርዝር። ቃሉ የአገራችን ቼዝ ስም መሆኑን ስነግራቸው የሚስቁ ጓደኞች አሉኝ። በቀይ ጨርቅ ላይ መስመር ተሰምሮ በንጉሥ፣ በፈርዝ፣ በፊል፣ በፈረስ፣ በደርና በመደቅ ይጫወቱት ነበር። አፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር መጫወታቸው ይነገራል። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 (እ.ኤ.አ.) ሕጎቹን ሰብስቦ ስላሳተመ ዛሬ የምንከራከርበት ነገር ተረፈልን።

ክርክሩ ስለ ወረራ ነው። በሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች እኩል ይነሳሉ፤ እየተያዩ፣ ሳይጠባበቁ፣ የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ይሄ ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ ነው በተራ መጫወት የሚጀመረው።

ከጓደኛዬ ጋር ፈረንሳይ ለጋሲዮን በተከራየናት ክፍል ውስጥ ጨዋታውን ለስልክ ስንሠራ ወረራን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ምክንያቴ የኢንጂነር ምክንያት ነበር፦ ሁለት ሰው እኩል ሲነካ ሰርቨሩ ማንን ያስቀድም? በተራ ይሁንና እንገላገል አልኩ። ሠርተን ስንጨርስ ለአንድ የሰፈራችን አዛውንት አሳየናቸው። ስልኩን ተቀብለው ትንሽ አዩና፣

«ወረራው የታለ?» አሉኝ።

«አውጥተነዋል አባባ፣ ለስልክ አይመችም።»

«እንግዲያው ስሙንም አውጡለት።»

ጓደኛዬ እስካሁን አልተስማማም። ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ ስንወጣ ዳገቱን ሙሉ እንጨቃጨቃለን። «ዓለም የማይጫወተውን ሕግ መልሰህ ማንን ልታጫውት ነው?» ይለኛል።

እስቲ ዓለምን እንይ። በአውሮፓ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ንግሥቷና ጳጳሱ ጉልበት ሲያገኙ ንጉሡ መሀል ላይ መቆም አልቻለም። ቶሎ የሚሸሸግበት ዘዴ አስፈለገው፤ ካስትሊንግ የዳበረው ከዚህ ነው። ያም ቢሆን አንድ ወጥ አልነበረም፤ ጣሊያኖች እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በራሳቸው ልቅ አካሄድ ያደርጉት ነበር። በ2019 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን ቭላድሚር ክራምኒክ ካስትሊንግ ጭራሽ ይቅር አለ፤ ንጉሡ በቀላሉ ስለሚሸሸግ ጨዋታው ደረቀ ብሎ። ስለዚህ የቼዝ ሕግ የተዘጋ ነገር አይደለም። ትልልቆቹ እየከፈቱት ነው፤ እኛ ብቻ ነን የራሳችንን ለመንካት የምናፍረው።

የእኛ ፈርዝ የሚሄደው አንድ ቤት ብቻ፣ በሰያፍ ነው። ንጉሡን ከሩቅ የሚያስደነግጥ ንግሥት የለም። ንጉሥህን የምትሸሽገው፣ ሠራዊትህን የምታሰልፈው በወረራው ጊዜ ነው፤ ያውም የባላጋራህን አሰላለፍ እያየህ። ካስትሊንግ በአንድ እርምጃ የሚጨርሰውን ወረራ በውይይት ይሠራዋል። እሱን አውጥተህ ፈርዙን እንዳለ ስትተወው የቀረው አዝጋሚ ቼዝ ነው። እኛ የሠራነው እሱን ነበር። ሁለት ቀን ተጫውተን ራሳችን ሰለቸን።

የጓደኛዬ ጠንካራው ነጥብ ኔትወርክ ነው። ካራ ላይ ያለው ልጅ መስመሩ ሲዘገይ መጀመሪያ የመብላት ዕድሉን ቦሌ ያለው ይወስድበታል። እውነት ነው፣ አልክድም። ግን ጥፋቱ የኔትወርኩ ሆኖ ሳለ የሚቀጣው ለምን ጨዋታው ነው? ሰንጠረዥ ፊት ለፊት የሚቀመጡበት ጨዋታ ነው። አንድ ታብሌት መሀል ላይ አድርገን ሁለት ሰው በአራት እጅ ይጫወት። ከሩቅ ለሚጫወቱ ደግሞ የመስመሩን ልዩነት እናሳያቸው፤ ከፈለጉ ተስማምተው በተራ ይጀምሩ። ምርጫው የእነሱ እንጂ የእኔ አይደለም።

እንጦጦ ላይ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ግድግዳው ስላለ ይጠበቃል። ጨዋታ ግድግዳ የለውም፤ ያለው ሕጉ ነው። እኔ ኮዱ እንዲቀለኝ ብዬ አፍርሼው ነበር። በዚህ ሳምንት መልሼ እየጻፍኩት ነው። ሲያልቅ መጀመሪያ የማሳየው ለአባባ ነው፤ ስሙን ያስመልሱልኝ እንደሆነ እናያለን።