መስከረም ሳያልቅ ለፈረሶቻችን ድርቆሽ እንግዛ
ለባለጋሪዎችና በጋሪ ለሚገለገል ሁሉ የቀረበ ጥሪ

በመቂ፣ በሻሸመኔ ወይም በደብረ ብርሃን በማለዳ መንገድ የወጣ ሰው የጋሪ ፈረስ ሳያይ አይውልም። ወፍጮ ቤት የሚሄደው እህል፣ ከገበያ የሚመለሰው ሽንኩርት፣ ጤና ጣቢያ የምትደርስ ነፍሰ ጡር፣ ሁሉም በእርሱ ጉልበት ይጓጓዛል። ማታ ከጋሪው ሲፈታ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው አንድ ባልዲ ፉርሽካ ነው። ያም ከጠፋ «ፈልጎ ይብላ» ተብሎ ጎዳና ላይ ይለቀቃል፤ ቆሻሻ ገንዳ ሥር ፌስታል ሲያላምጥ ያድራል።

ባለጋሪ ወንድሞቼ፣ ልወቅሳችሁ አልተነሣሁም። የፈረሱ ጉልበት የቤታችሁ እንጀራ መሆኑን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ሁለት ነገር ግን እየጎዳን ነው፦ ፈረስን እንደ በሬ እንቀልበዋለን፤ ድርቆሽንም የምንገዛው በተወደደበት ወር ነው። ሁለቱንም ማረም እንችላለን።

በሬ ያገኘውን በሰፊ ሆዱ አከማችቶ፣ ተኝቶ ያመሰኳል። ፈረስ አያመሰኳም። የትልቅ ፈረስ ጨጓራ እንኳ የሚይዘው 15 ሊትር ገደማ ነው፤ የሀገራችን ፈረስ ደግሞ በቁመቱም በሆዱም ያንሳል። ሜዳ ላይ የተለቀቀ ፈረስ ከ24 ሰዓት 16ቱን ያህል ሲግጥ የሚውለው ለዚህ ነው፤ አበላሉ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ነው። ባዶ ሆዱን ውሎ ማታ በአንዴ እህል ሲሞላለት ጨጓራው አይችለውም። እህሉ በደንብ ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርድና እዚያ ይቦካል፤ ጋዝና አሲድ ይሆናል። ፈረስ ማስመለስ ስለማይችል መገላገያ የለውም። ያን ጊዜ ቁርጠቱ ይጀምራል፦ መሬት ይጭራል፣ ዞሮ ጎኑን ያያል፣ ይንከባለላል፣ በላብ ይጠመቃል። ከሞት ቢተርፍ እንኳ ሰኮናው ውስጥ ያለው ሥጋ ተቆጥቶ ከሥራ ሊያስቀረው ይችላል።

ፉርሽካ ብቻውንም ቀለብ አይሆንም። ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል። ካልሲየም ያጣ ሰውነት ከገዛ አጥንቱ ይበደራል፤ ውሎ አድሮ የፈረሱ ፊት ያብጣል፣ መንጋጋው ይወፍራል፣ ቁስል ሳይኖረው ያነክሳል። ባለቤቱ «አብልቼው ነበር እኮ» ሲል እውነቱን ነው። ሆዱ ሞልቶ አጥንቱ ግን ተርቧል።

ስለዚህ ከዛሬ ማታ ጀምራችሁ ይህን አድርጉ።

ሣር ይቅደም። 250 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የጋሪ ፈረስ በቀን ቢያንስ 4 ኪሎ ድርቆሽ ያስፈልገዋል። ከድርቆሹ ጋር የባቄላ፣ የአተር ወይም የምስር ገለባ ቀላቅሉለት፤ ፉርሽካው የጎደለውን ካልሲየም በከፊል ይመልስለታል። የሻገተውን ድርቆሽ ግን ቢያሳዝንም ጣሉት።

እህሉን ከፋፍሉት። ገብሱም፣ ፉርሽካውም፣ የኑግ ፋጉሎውም አንድ ላይ ተደምሮ ከ2 ኪሎ አይብለጥ፤ እርሱም ጠዋት፣ ቀንና ማታ ተብሎ ለሦስት ይከፈል። የቀኑን በከረጢት ይዛችሁ ውጡ፤ ተሳፋሪ በምትጠብቁበት ሰዓት ይበላል። መኖ ስትቀይሩም በአንድ ቀን አትቀይሩ፤ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን እያቀላቀላችሁ አለማምዱት።

ውሃ አትከልክሉት። በሙቀት የሚሠራ ፈረስ በቀን ከአንድ እስከ ሁለት ጀሪካን፣ ማለትም ከ20 እስከ 40 ሊትር ሊጠጣ ይችላል። ውሃ ያነሰው ፈረስ የበላው ገለባ አንጀቱ ውስጥ ደርቆ ይቆማል። በላብ የሚወጣውን ጨው እንዲተካም የሚልሰው ጨው ግርግሙ አጠገብ አይጥፋ።

አሁን ወደ ዋናው ልመናዬ ልምጣ፦ የድርቆሽ እቁብ እናቋቁም። ከጥቅምት 1 እስከ ግንቦት 30 ያለው ጊዜ 240 ቀን ነው። በቀን 4 ኪሎ ሲታሰብ ለአንድ ፈረስ 960 ኪሎ፣ ማለትም ወደ 10 ኩንታል ይሆናል። ይህን በበጋ በየቀኑ እየሸራረፉ መግዛት ኪስ ይጨርሳል። ሣር አበባ ሲያወጣ ታጭዶ ቶሎ ከደረቀ አረንጓዴነቱንና ኃይሉን ይይዛል፤ ቆሞ የከረመው ደግሞ እንጨት ይሆናል። ስለዚህ አሥር ባለጋሪዎች ሆናችሁ፣ በሳምንት የምትችሉትን እየጣላችሁ፣ አጨዳው እንደተጀመረ በጋራ ግዙ፤ ዝናብ የማያገኘው ቦታ ላይ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ከምሩት።

ለቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤያትና ለትምህርት ቤቶች፦ የግቢያችሁን ሣር ስትሸጡ መጀመሪያ ለባለጋሪዎች ማኅበር ዕድል ስጡ፤ ክፍያውንም በየወሩ ተቀበሉ። ለከተማ አስተዳደሮች፦ በየጋሪ ፌርማታው አንድ የውሃ ገንዳ፣ በየቀበሌው አንድ ደረቅ የድርቆሽ መጋዘን አዘጋጁ። ቢሾፍቱ ላለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅና ለመሰል ተቋማት፦ ተማሪዎቻችሁን በወር አንድ ጠዋት ወደ ፌርማታ ላኩ፤ ጥርስ ይዩ፣ መኖ ይመዝኑ፣ ያስተምሩ። ለፌርማታ ዳር ባለሱቆች፦ በራችሁ ላይ አንድ ባልዲ ውሃ አኑሩ። ለተሳፋሪዎች፦ ፈረሱ እስኪጠጣ ታገሡ።

አባቶቻችን ጀግናን በፈረሱ ስም ይጠሩ ነበር። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር። የጋሪው ፈረስ የዚያ የክብር ፈረስ ዘመድ ነው፤ ዛሬ የሚሸከመው የእኛን ኑሮ ነው።

በመጪው እሑድ፣ ጋሪው በቆመበት ሰዓት፣ ፌርማታው ላይ ተሰብሰቡ። አንድ ገንዘብ ያዥና አንድ ጸሐፊ ምረጡ፤ የመጀመሪያውን የእቁብ ገንዘብ እዚያው ጣሉ። አሥር ሰው ካልሞላ በሦስት ጀምሩት። ሣሩ ማበቡን ጀምሯል፤ እኛን ቆሞ አይጠብቅም።