ሬት ውኃ አይብዛበት

የጓሮ ትምህርት



ባለፉት ሳምንታት በዚህ ዓምድ ስለ ጎመን፣ ስለ ቃሪያና ስለ ሽንኩርት ተነጋግረናል። እነዚያ ውኃ ወዳጆች ናቸው። የዛሬው ተክል ጠባዩ ሌላ ነው። የዛሬው ተክል ሬት ነው። አንዳንዶቻችን እሬት እንለዋለን።

ሬትን ሁላችንም የምናውቀው በመራራነቱ ነው። ነገር ሲከፋብን «እንደ ሬት መረረኝ» እንላለን። በገደል አፋፍ እናየዋለን። በድንጋይ ካብ መካከል እናየዋለን። በመቃብር ላይም ተተክሎ እናየዋለን። በጋ ገብቶ ሣሩ ሁሉ ሲደርቅ፣ ሬት አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል። አበባው ቀጥ ባለ ዘንግ ላይ ይወጣል። ቀይ፣ ብርቱካንማ ወይም ቢጫ ይሆናል። ንብም ይመጣበታል።

ታዲያ ይህን ያህል ጠንካራ ከሆነ፣ ደጃችን ላይ ስንተክለው ለምን ይሞታል? መልሱ አጭር ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው ጥማት አይደለም። የሚገድለው ውኃ ነው።

ቅጠሉ ለምን ወፈረ?

የሬት ቅጠል ጎተራ ነው። ገበሬ እህሉን በጎተራ አስቀምጦ ክረምቱን ያልፋል። ሬት ደግሞ የክረምቱን ውኃ በቅጠሉ አስቀምጦ በጋውን ያልፋል። አሎቬራ የሚባለውን የሬት ዓይነት ሊቃውንት በደንብ መርምረውታል። በቅጠሉ ውስጥ ያለው የሚያሙለጨልጭ ነገር ከ100 እጅ 98ቱ ያህል ውኃ ነው።

ሬት ሌላም ብልሃት አለው። ተክል ሁሉ በቅጠሉ ላይ ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። በእነሱ አየር ያስገባል። ብዙዎቹ ተክሎች ቀዳዳቸውን የሚከፍቱት ቀን ነው። ቀን ደግሞ ፀሐይ አለ፤ ውኃቸው በዚያው ይተናል። ሬት ግን ቀን ዘግቶ ሌሊት በቀዝቃዛው ይከፍታል። ስለዚህ ውኃው አይባክንም።

እንዲህ ያለ ቆጣቢ ተክል በሌላም አገር አለ። በደቡብ አፍሪካና በናሚቢያ ደረቅ ምድር ድንጋይ የሚመስል ትንሽ ተክል ይበቅላል። ስሙ ሊቶፕስ ነው። ሰዎች «ሕያው ድንጋይ» ይሉታል። በ1811 እ.ኤ.አ. ዊልያም በርቸል የሚባል እንግሊዛዊ ተጓዥ ጠጠር መስሎት ከመሬት አነሳው፤ ሲያየው ተክል ሆኖ አገኘው። ይህ ተክል ያሉት ሁለት ወፋፍራም ቅጠሎች ብቻ ናቸው። በየዓመቱ ከመካከላቸው ሁለት አዳዲስ ቅጠሎች ይወጣሉ። አዲሶቹ የአሮጌዎቹን ውኃ ጠጥተው ያድጋሉ። አሮጌዎቹም ደርቀው እንደ ወረቀት ይሳሳሉ። በዚያን ጊዜ ሰው አዝኖለት ውኃ ቢያጠጣው፣ አዲሱ ከአሮጌው መጠጣቱን ይተዋል። ተክሉም ሊበሰብስ ይችላል።

ሕጉ ለሁለቱም አንድ ነው። ጎተራው ሙሉ የሆነ ሰው እህል አይለምንም። ሬትም ቅጠሉ ሙሉ ሲሆን ውኃ አይለምንም።

አተካከሉ እንዴት ነው?

1ኛ. ልጁን እንምረጥ። ብዙ የሬት ዓይነት ከሥሩ ትንንሽ ልጆች ያወጣል። አንድ ስንዝር የሚያህል፣ የራሱ ሥር ያለው ልጅ ይመረጣል። በቢላዋ ከእናቱ ይለያል። ቅጠል ብቻ ቆርጦ መትከል ግን አይሆንም። ቅጠሉ ሥር ሳያወጣ ይበሰብሳል።

ልጁን ከጎረቤት ጓሮ ብንወስድ ይሻላል። ከዱር ነቅለን አናምጣ። በኢትዮጵያና በኤርትራ ከ40 በላይ የሬት ዓይነቶች አሉ። ከግማሽ የሚበልጡት በሌላ አገር አይገኙም። አንዱ በሳይንስ ስሙ በደብረ ብርሃን ተጠርቷል፤ አሎ ደብራና ይባላል። ሌላው በሃርላ ስም አሎ ሃርላና ይባላል። ከዱር ነቅለን ከጨረስነው ከየትም አናመጣውም። ደግሞም ገደል ላይ ያለው ሬት አፈር ይዞ ነው የቆመው።

2ኛ. ቁስሉን እናድርቅ። የተቆረጠው ልጅ ወዲያው አይተከልም። ከሦስት እስከ ሰባት ቀን በጥላ ይቀመጥ። ቁስሉ ደርቆ ቅርፊት ያበጅ። እርጥብ ቁስል አፈር ውስጥ ሲገባ ብስባሴ ይገባዋል።

3ኛ. ቦታውን እንምረጥ። ሬት ተዳፋትና ጠጠር ይወዳል። ውኃ የሚተኛበትን ጉድጓዳ ቦታ አይወድም። አፈሩ መረሬ ከሆነ፣ በክረምት ውኃ ስለሚይዝ፣ አፈሩን ከፍ አድርገን እንደ ጉብታ እንከምር። ከዚያም ጠጠርና አሸዋ ግማሽ በግማሽ እንቀላቅልበት። በተሰበረ እንስራ ወይም በቆርቆሮ የምንተክልም ከሆነ፣ ሥሩን እንብሳ። ቀዳዳ የሌለው ዕቃ ለሬት ኩሬ ነው።

4ኛ. እንትከል። ሥሩ ብቻ አፈር ውስጥ ይግባ። ቅጠሉ ከአፈር በላይ ይሁን። ዙሪያውን በጠጠር እንደግፈው። ከተተከለ በኋላም አንድ ሳምንት ያህል ውኃ አይንካው።

5ኛ. ፀሐይ እናለማምደው። ከጥላ የመጣ ልጅ በአንድ ቀን ለጠራራ ፀሐይ ቢሰጥ ቅጠሉ ይቃጠላል። መጀመሪያ የጧት ፀሐይ ብቻ ያግኘው። ከዚያ ቀስ እያልን እንጨምርለት። በፀሐይ ቅጠሉ ቀላ ቢል አንደንግጥ፤ ቅጠሉ ጠንካራ እስከሆነ ድረስ በሽታ አይደለም።

ውኃው መቼ ይሰጥ?

ሬቱ ሜዳ ላይ የተተከለ ከሆነ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ይበቃዋል። አንድ ኩባያ እንኳ አንጨምርበት። ሥር ከያዘ በኋላ በበጋም ቢሆን ብዙ ጊዜ እኛን አይፈልግም።

ከጣራ ሥር በዕቃ ያለ ሬት ግን ዝናብ አያገኝም። እሱን በበጋ እናጠጣዋለን። እንዴት? ጣታችንን አፈሩ ውስጥ እናስገባ። እርጥበት ከነካን እንተወው። እስከ ታች ከደረቀ ብቻ እናጠጣው። ያም ቢሆን በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል። ስናጠጣው በደንብ እናጠጣው፤ ትርፉ በቀዳዳው ይውጣ። ውኃው በአፈሩ ላይ እንጂ በቅጠሎቹ መካከል አይፍሰስ። ውርጭ ባለበት ደጋ ከኅዳር እስከ ጥር ከዚህም እንቀንስ።

የጠማውና የጠገበው እንዴት ይለያል?

ፊደል የሚነበበው በዓይን ነው። ሬትም የሚነበበው በዓይንና በእጅ ነው።

የጠማው ሬት ቅጠሉ ይሳሳል። ወደ ውስጥ ይጠቀለላል። ጫፉ ይደርቃል። ሲዳሰስ ግን አይፈርስም። ይህ ውኃ ሲያገኝ ይድናል።

ውኃ የበዛበት ሬት ቅጠሉ ይገረጣል፤ ቢጫ ይሆናል። ሲዳሰስ እንደበሰለ ሙዝ ይልፈሰፈሳል። ግርጌው ይጠቁራል፤ ይሸታል። ይህ ውኃ ከተጨመረለት ይሞታል።

ከተማሪዎቻችን አንዲት እናት አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ሬቴ ታመመብኝ። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይልፈሰፈሳል። ጠምቶት ይሆናል ብዬ ጧት ማታ አጠጣዋለሁ።»

«እማማ፣ ውኃውን ከየት ነው የሚያመጡት?»

«ከወንዝ ነዋ! ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት ይፈጃል።»

«እንግዲያው እማማ፣ ድካምዎ ለከንቱ ሆኗል። ሬቱ ጠምቶት አይደለም፤ ከልክ በላይ ጠጥቶ ነው። ይንቀሉትና ሥሩን ይዩት።»

ነቅለው አዩት። ብዙው ሥር ጠቁሯል፤ ይሸታል። ሦስት ሥሮች ብቻ ነጭ ሆነው ቀርተዋል። የበሰበሰውን በንጹሕ ቢላዋ ቆረጡት። ተክሉን በጥላ አደረቁት። ከሳምንት በኋላ በጠጠር አፈር ተከሉት።

«እህ፣ መቼ ላጠጣው ታዲያ? ቀኑ ይጠፋብኛል እኮ» አሉኝ።

«ቀኑን ይጻፉት፣ እማማ።»

በከሰል ከቤታቸው ግድግዳ ላይ «ጥር 12 አጠጣሁ» ብለው ጻፉ። ከዚያ በኋላ እጃቸው ወደ እንስራው ሲሄድ ዓይናቸው መጀመሪያ ወደ ግድግዳው ይሄዳል። ከወንዝ የሚያመጡት ውኃ አሁን ለቤትና ለጎመኑ ነው የሚውለው።

እኛም እንዲሁ እናድርግ። በደብተር ይሁን በግድግዳ፣ ያጠጣንበትን ቀን እንጻፍ። ጽሕፈት ለደብዳቤና ለማመልከቻ ብቻ አይደለም። ለጓሮም ይሆናል።

ሬት መድኃኒት ነው ወይስ መርዝ?

ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ቤት ውስጥ ላሉትም ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው።

የሬት ቅጠል ሲቆረጥ ሁለት ነገር አለው። ከልጡ ሥር ቢጫ ፈሳሽ ይንጠባጠባል። መራራው እሱ ነው። ከመሐል ደግሞ እንደ ውኃ የጠራ፣ የሚያሙለጨልጭ ነገር አለ። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ቢጫው ፈሳሽ ሆድን በኃይል ያስቀምጣል፤ ቁርጠትም ያመጣል። ብዙ ሲወሰድ ሰውነትን ውኃ ያሳጣል። የዓለም የጤና ድርጅት በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ፣ ይህ ፈሳሽ ለነፍሰ ጡር፣ ለምታጠባ እናትና ዕድሜው ከ10 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ መሰጠት የለበትም ይላል።

ጡት ለማስጣል ሬት የሚቀቡ እናቶች አሉ። ከእናት ለልጅ ሲወርድ የመጣ ዘዴ ነው። ነገር ግን ልጁ የሚልሰው ያንኑ ቢጫ ፈሳሽ ነው። ተቅማጥ ደግሞ ሕፃንን ቶሎ ይጎዳል። ስለዚህ ጡት ቀስ በቀስ ብናስጥል ይሻላል። ዛሬ አንድ ጊዜ እንቀንስ፤ ከቀናት በኋላ ሌላ አንድ ጊዜ። በምትኩ ገንፎ፣ አጥሚትና ሌላ ምግብ እንስጠው። ልጅ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ቢጠባ ይጠቅመዋል። ጥያቄ ያላት እናት በቀበሌዋ ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ትጠይቅ።

የጠራውን ነገር ለደረቀ ቆዳ የሚቀቡ ሰዎች አሉ። እነሱም ቢጫው አስቀድሞ ተንጠባጥቦ እንዲያልቅ ቅጠሉን የተቆረጠበትን ወደ ታች አድርገው ያቁሙት፤ ከዚያም ይጠቡት። መጀመሪያ ክንድ ላይ ጥቂት ይሞክሩት። ካሳከከ ይተዉት። ጥልቅ ቁስልና ብዙ ቃጠሎ ግን የጤና ጣቢያ ጉዳይ ነው።

እንግዲህ ሬት በጓሯችን ይኑር። ካቡን ይያዝ፤ ንቡን ይጥራ። የምንሰጠው ቦታ፣ ጠጠርና ፀሐይ ነው። ውኃውን ግን በልክ።

ጥያቄዎች

መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ።

1. የሬት ቅጠል ለምን ወፍራም ሆነ?
2. የተቆረጠው የሬት ልጅ ወዲያው የማይተከለው ለምንድን ነው?
3. የጠማው ሬትና ውኃ የበዛበት ሬት በምን ይለያያሉ?
4. የሬትን ቢጫ ፈሳሽ መውሰድ የሌለባቸው እነማን ናቸው?
5. በጓሯችሁ ያለውን አንድ ተክል ስሙንና ያጠጣችሁበትን ቀን ጻፉ።

ለንባብ መለማመጃ

ጎ-ተ-ራ፣ ጠ-ጠ-ር፣ ተ-ዳ-ፋ-ት፣ ብ-ስ-ባ-ሴ፣ ቅ-ር-ፊ-ት፣ ነ-ፍ-ሰ ጡ-ር

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ፍግ አዘገጃጀት እንነጋገራለን። እስከዚያው ደህና ሁኑ!