ከስድስቱ ቦንዶች የቱ ይበልጣል?

ባለፈው ቅዳሜ ማታ በመኝታ ክፍላችን ትልቅ ክርክር ተነሥቶ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሳንተኛ ቀረን። ክርክሩ ስለ ፈተና ወይም ስለ ምግብ ቤቱ ወጥ ቢሆን ኖሮ ማንም ባልተደነቀ ነበር። ነገሩ ግን ስለ ጀምስ ቦንድ ነው። አንዱ ጓደኛችን በኮምፒዩተሩ «ዶክተር ኖ» የተባለውን የቆየ ፊልም አሳየንና፣ ሲያልቅ «ከሾን ኮነሪ ወዲያ ቦንድ የለም» ብሎ ፈረደ። ከላይኛው አልጋ ያለው «ዳንኤል ክሬግን ረስተህ ነው» ሲል መለሰለት። ሦስተኛው ለሮጀር ሙር ጠበቃ ሆኖ ቆመ። ከዚያ በኋላ ማን ምን እንደ ተናገረ መለየት አልተቻለም፤ የጎረቤት ክፍል ልጆችም ግድግዳውን ይደበድቡ ጀመር።

ይህ ጸሐፊ በዚያ ሌሊት ብዙ አልተናገረም፤ የተናገረውንም የሰማው የለም። ስለዚህ ማንም ሊያቋርጠው በማይችልበት በዚህ ገጽ ላይ ሐሳቡን ለመግለጽ ተገዷል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የክርክራችን ችግር አንድ መለኪያ አለመኖሩ ነበር። አንዱ ቦንድን በልብሱ፣ ሌላው በቡጢው፣ ሌላው ደግሞ በቀልዱ ይመዝነዋል። አንዱ በክንድ፣ ሌላው በቁና እየሰፈረ ገበያ እንደማይቆም ሁሉ፣ በዚህም አኳኋን ፍርድ ሊገኝ አይችልም። መለኪያውን ያገኘሁት ከተከራካሪዎቹ ሳይሆን ዝም ብሎ ከተቀመጠ አንድ ልጅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ«ዶክተር ኖ» ውስጥ ፕሮፌሰር ዴንት የተባለው ሰው ቦንድን ለመግደል በሌሊት ይመጣል። ቦንድ በአልጋው ላይ ትራስ ሸፍኖ፣ እሱ ራሱ ጥግ ተቀምጦ ካርታ እየተጫወተ ይጠብቀዋል። ዴንት አልጋው ላይ ጥይቱን ይጨርሳል። ቦንድ የሰውየው ሽጉጥ ባዶ መሆኑን ቆጥሮ ያውቃል፤ ያውቅና ይተኩስበታል። ሰውየው ከወደቀ በኋላም በጀርባው አንድ ጥይት ይጨምርለታል። እኛ በዚህ ጊዜ አጨበጨብን። ከመካከላችን አንዱ ግን አላጨበጨበም። እሱ በትውልድ ቦታው የጥይት ድምፅ ከፊልም ሳይሆን ከመንገድ የሰማ ልጅ ነው። ቀስ ብሎ፣ «ሁለተኛዋን ጥይት ለምን ተኮሰ?» ሲል ጠየቀ። የመለሰለት ሰው አልነበረም፤ ክርክሩ በሱፍ ልብስና በመኪና ላይ ቀጠለ።

ለመሆኑ ጀምስ ቦንድ ማን ነው? ኢያን ፍሌሚንግ በ1953 «ካዚኖ ሮያል» በተባለው መጽሐፉ ሲፈጥረው፣ ቦንድ ደመወዝ የሚከፈለው የእንግሊዝ መንግሥት ሠራተኛ ነው። ከሰባቱ ቁጥር በፊት ያሉት ሁለት ዜሮዎች የመግደል ፈቃድ ምልክት ናቸው። ልብሱን፣ መኪናውንና መጠጡን አንሥተን ብንጥላቸው በመጨረሻ የሚቀረው ይኸው ነው፤ መንግሥት «ግደል» ያለው ሰው። ስለዚህ ይህን ሰው ሆኖ የሚጫወት ተዋናይ ሊመዘን የሚገባው በዚሁ ነገር ነው። ከገደለ በኋላ ፊቱ ምን ይመስላል?

እስቲ በዚህ ሚዛን ስድስቱን አንድ በአንድ እናስቀምጣቸው።

ሾን ኮነሪ የኤዲንብራ የድኻ ቤተሰብ ልጅ ነበር። ወተት አድሏል፤ የሬሳ ሣጥን ወልውሏል። የመጀመሪያውን ፊልም ያዘጋጀው ቴረንስ ያንግ ወደ ራሱ ልብስ ሰፊ ወስዶ አለባበስን፣ የትልቅ ሰው አካሄድንና አበላልን አስተማረው። ፍሌሚንግ በመጀመሪያ ባይወደውም በኋላ ተቀበለው። ከ1962 እስከ 1971 ድረስ ስድስት ጊዜ ቦንድ ሆነ፤ በ1983 ደግሞ ከዋናው ተከታታይ ውጭ ለሰባተኛ ጊዜ ተመለሰ። አካሄዱ የነብር ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። ነገር ግን ከገደለ በኋላ ፊቱ ላይ ምንም የለም። እንዲያውም መግደል እንደ ሱፉ የሚያምርበት ነገር ይሆናል። በ1964ቱ «ጎልድፊንገር» ውስጥም በድርቆሽ ጎተራ ውስጥ እንቢ የምትለውን ሴት በጉልበት ሲስማት፣ ፊልሙ እንደ ጀግንነት ይቆጥርለታል። እኅቶቻችን ይህን አይተው ምን እንደሚሉ አጨብጫቢዎቹ ጠይቀው ያውቃሉን? በእኔ አስተያየት ኮነሪ ከሁሉም የበለጠ ማራኪ ነው፤ በዚህም ምክንያት ከሁሉም የበለጠ አደገኛ ነው።

ጆርጅ ሌዘንቢ አውስትራሊያዊ ነው። መኪና ሲሸጥና ለማስታወቂያ ፎቶግራፍ ሲነሣ የነበረ ሰው በ1969 በአንድ ፊልም ብቻ ቦንድ ሆኖ ሄደ። ተዋናይነቱ ደካማ እንደ ነበር ይነገራል፤ ሐሰት አይደለም። ሆኖም በፊልሙ መጨረሻ ላይ በሠርጓ ቀን የተገደለችውን ሙሽራውን ታቅፎ፣ ለደረሰው ፖሊስ «ዕረፍት እያደረገች ነው» ይለዋል። ሞት በቦንድ ቤት ገብቶ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀመጠው በዚያ ቀን ነው። ልምድ ያልነበረው ሰው ልምድ ያለው ያላሳየውን ሐዘን አሳየን።

ከዚያ በ1973 ሮጀር ሙር መጣና እስከ 1985 ሰባት ፊልም ሠራ። የመጨረሻውን ሲሠራ ዕድሜው 57 ነበር። ሙር ነገሩን ሁሉ ወደ ቀልድ ለወጠው፤ ወደ ሕዋ ወጣ፣ የሰርከስ ቀልደኛ ልብስም ለበሰ። ብዙዎች በዚህ ይንቁታል። እኔ ግን ጥቂት ልከራከርለት እወዳለሁ። ሙር ሲገድል አይተን ወደ ቤታችን ስንመለስ መግደል እንዲህ ነው ብለን አናምንም፤ ተረት መሆኑን በቅንድቡ እየጠቀሰ ነግሮናልና። በ1981ዱ ፊልም ጓደኛውን የገደለበትን ሰው ከነመኪናው ከገደል አፋፍ በእግሩ ገፍቶ እንዲጥለው በታዘዘ ጊዜም ትዕይንቱ እንደ ከበደው ይታወቃል። በኋላ በ1991 የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት የበጎ ፈቃድ አምባሳደር ሆኖ እስከ ዕለተ ሞቱ አገልግሏል። ሙር ገዳይን መምሰል የማይችል ሰው ነበር፤ ይህም ለሰውየው ምስጋና፣ ለተዋናዩ ግን ጉድለት ነው።

ቲሞቲ ዳልተንን ለመጨረሻ ላቆየውና ወደ ፒርስ ብሮስናን ልለፍ። አየርላንዳዊው ብሮስናን በ1995 ሲመጣ ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰች አራት ዓመት ሆኗታል። አለቃውም ሴት ናት፤ ጁዲ ዴንች በዚያ ቦታ ተቀምጣ ጊዜው ያለፈበት ፍጡር መሆኑን ፊት ለፊት ትነግረዋለች። ብሮስናን መልከ መልካም ነው፤ ከኮነሪ ልብሱን፣ ከሙር ቀልዱን ወርሷል። የራሱ የሆነውን ግን ፊልሞቹ ብዙ ጊዜ ነፈጉት። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ1999ኙ ፊልም፣ የወደዳትንና የከዳችውን ኤሌክትራን ተኩሶ ይገድላትና አስከሬኗ ላይ ጎንበስ ይላል። በዚያች ቅጽበት ፊቱ ላይ አንድ ነገር ያልፋል። በ2002 ግን የማይታይ መኪና ሰጡትና ያ ሁሉ ጠፋ።

ዳንኤል ክሬግ በ2005 ሲመረጥ ጋዜጦች በወርቃማ ፀጉሩ ተሳለቁበት። በሚቀጥለው ዓመት «ካዚኖ ሮያል» ሲወጣ ግን ዝም አሉ። ፊልሙ የሚጀምረው ቦንድ ሁለቱን ዜሮዎች ለማግኘት ሁለት ሰዎች ሲገድል ነው፤ የመጀመሪያው በመታጠቢያ ቤት ውስጥ እየታገለ፣ በጭንቅ ይሞታል። በኋላም በሆቴል ደረጃ ላይ ሁለት ሰዎች ከገደለ በኋላ ክፍሉ ገብቶ ደሙን ያጥባል፤ ይጠጣል፤ በመስተዋት ራሱን ያያል። ግድያውን ያየችው ቬስፐር ደግሞ ከነቀሚሷ በሻወር ሥር ተቀምጣ ትንቀጠቀጣለች። ቦንድም ከነልብሱ ከጎኗ ይቀመጣል። አንባቢ ሆይ፣ ከ25ቱ ፊልሞች ውስጥ አንዱን ትዕይንት ብቻ አስቀር ብባል ይህን አስቀራለሁ። ሰው መግደል በሳሙና የማይለቅ ነገር መሆኑን በግልጥ ያሳየ ይህ ነው። በ2021ም ክሬግ ቦንድን ወደ መቃብር አድርሶ ሥራውን ፈጸመ።

እንግዲህ ሚዛኑ ወደ ክሬግ አዘነበለ ማለት ነው። እኔም እስከ ሐሙስ ድረስ እንዲሁ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን የዚያ ልጅ ጥያቄ አልለቀቀኝም። እሱ የጠየቀው ቦንድ ከተኮሰ በኋላ ምን ተሰማው ብሎ አይደለም። ለምን ተኮሰ ነው ያለው። ከገደሉ በኋላ ማዘን መልካም ነው፤ ከመግደል በፊት ማሰብ ግን ይበልጣል። መለኪያዬ ጎዶሎ ኖሯል።

ስለዚህ ወደ ዳልተን እንመለስ። ይህ በዌልስ የተወለደ የሼክስፒር ቴአትር ተዋናይ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የፍሌሚንግን መጻሕፍት አንብቦ ተዘጋጀ። በ1987ቱ ፊልም፣ ከፍሌሚንግ አጭር ታሪክ በተወሰደ ትዕይንት፣ ከመስኮት ሆኖ አንድ ተኳሽ እንዲገድል ይታዘዛል። በመነጽሩ ሲያይ ተኳሿ ጥቂት ቀደም ብሎ በኦርኬስትራ ውስጥ ቼሎ ስትጫወት ያያት ሴት ናት። አያያዟን አይቶ ነፍሰ ገዳይ አለመሆኗን ይረዳል። ጠመንጃዋን ይመታና እሷን ይተዋታል። ባልደረባው ለአለቃው እንደሚከሰው ሲነግረው፣ ከሥራ ቢያባርረኝ አመሰግነዋለሁ የሚል መልስ ይሰጠዋል። ትእዛዝ ተሰጥቶት፣ ፈቃድ በኪሱ ይዞ፣ ጣቱ ቃታ ላይ ሳለ አስቦ የተወ ቦንድ ይህ ነው። ትክክል የሆነውም እሱ እንጂ ትእዛዙ እንዳልነበረ ታሪኩ በኋላ ይገልጣል።

ዳልተን ጻድቅ ነው አላልኩም። በ1989ኙ ፊልም ወዳጁን ለሻርክ የሰጠበትን ሳንቼዝን ለመበቀል ሲሄድ የመግደል ፈቃዱን ይነጠቃል፤ በመጨረሻም ሰውየውን በእሳት ያቃጥለዋል። ግን በዚያም ጊዜ ቢሆን «ታዝዤ ነው» ብሎ ሊደበቅ አይችልም። የሠራውን በራሱ ስም ሠርቷል፤ ከሬሳው አጠገብ ተቀምጦ የምናየውም የደከመና የቆሰለ ሰው እንጂ አሸናፊ አይደለም። ይህ ፊልም በአሜሪካ ገበያው ቀዘቀዘበት፤ ከዚያም በክስ ምክንያት ሥራው ለዓመታት ቆመና በ1994 ዳልተን ተሰናበተ። ሁለት ፊልም ብቻ! ከ17 ዓመት በኋላ ዓለም ያንኑ ጭካኔና ያንኑ ሐዘን በክሬግ ፊት ላይ ባየ ጊዜ አዲስ ነገር መጣ ብሎ አደነቀ። ዳልተን የዘራውን ክሬግ አጨደው።

«ፊልም መዝናኛ ነው፤ አንተ ስብከት አደረግኸው» የሚሉኝ እንደሚኖሩ አውቃለሁ። እኔም ቅዳሜ ማታ ለመዝናናት ነው የተቀመጥኩት፤ እኔም አጨብጭቤአለሁ። ነገር ግን እጃችን ለምን እንደሚያጨበጭብ ማወቅ ከተማረ ሰው የሚጠበቅ ትንሹ ነገር ነው። የታዘዘ ሰው ሲገድል አይቶ በውበቱ ብቻ መደነቅ የለመደ ዓይን፣ ከፊልሙ ውጭም ሲያይ ያንኑ ልማድ ይዞ አይሄድም ብሎ የሚምል ማን ነው?

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው፤ አንደኛ ዳልተን፣ ሁለተኛ ክሬግ፣ ሦስተኛ፣ የላይኛው አልጋ ቢቆጣም፣ ስለዚያች አንዲት ሐዘን ሲባል ሌዘንቢ። ወደፊት የሚመጣውም ቦንድ ማንም ይሁን ማን፣ እኔ የምጠብቀው ሱፉ እንዴት እንደ ተሰፋ ሳይሆን ያንን ጥያቄ እንዴት እንደሚመልስ ነው። ሁለተኛዋን ጥይት ለምን?

የማይስማማ ካለ ለሚቀጥለው እትም ይጻፍ። ግድግዳ መደብደብ ግን ይቅር፤ ሰኞ ፈተና አለብን።