በነፃ ቻርጅ ማድረግ ወይስ በተመጣጣኝ ክፍያ? ጉዳዩ ከልደታ ኮንዶሚኒየም አንፃር ሲታይ

አገራችን በውጭ ምንዛሪ በሚገዛ ነዳጅ የምታንቀሳቅሳቸውን ተሽከርካሪዎች በራሷ ወንዞች በሚመነጭ ኤሌክትሪክ ለመተካት የያዘችው አቅጣጫ ከዕቅድ አልፎ በተግባር መታየት ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል። በሐምሌ ወር 2012 ዓ.ም. በማራቶን ሞተር ኢንጂነሪንግ የተገጣጠመችው የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ለዕይታ በቀረበችበት ወቅት ጉዳዩ ለብዙዎች የሩቅ ተስፋ ይመስል ነበር። በ2014 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝ ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ በማድረግ፣ የጉምሩክ ቀረጡንም ሙሉ በሙሉ ተበትነው ለሚገቡት ዜሮ፣ በከፊል ተገጣጥመው ለሚገቡት 5 በመቶ፣ ሙሉ ለሙሉ ተገጣጥመው ለሚገቡት 15 በመቶ አድርጎ ወሰነ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። በ2017 ዓ.ም. በመንግሥት ኃላፊዎች በተሰጡ መግለጫዎች በአገሪቱ የሚገኙት የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ከ100 ሺህ በላይ መድረሳቸው ተገልጿል።

ተሽከርካሪው ወደ አገር መግባቱ ግን የሥራው ግማሽ ነው። ቀሪው ግማሽ ተሽከርካሪው የት፣ በማን ቆጣሪና በማን ወጪ ኃይል ይሞላል የሚለው ጥያቄ ነው። በዚህ ረገድ በተለያዩ መድረኮች ከሚደመጡት ሐሳቦች አንዱ ለኤሌክትሪክና ለሃይብሪድ ተሽከርካሪዎች በሕዝብ መገልገያ ሥፍራዎች ነፃ የቻርጅ አገልግሎት ይሰጥ የሚለው ነው። ሐሳቡ ከበጎ ዓላማ የመነጨ መሆኑ አያጠያይቅም። ሆኖም እንደ ልደታ ኮንዶሚኒየም ካለ የጋራ መኖሪያ መንደር አንፃር ሲፈተሽ ነዋሪው የጎደለው የኤሌክትሪክ ዋጋ ቅናሽ ነው ወይስ ሌላ ነገር የሚለው ተለይቶ መታየት ይኖርበታል።

የልደታ ሁኔታ ምን ያሳያል?

የልደታ ኮንዶሚኒየም በመልሶ ማልማት ነባሩ ሰፈር ተነስቶ፣ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ1990ዎቹ አጋማሽ በጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ልማት ፕሮግራም አማካይነት የተገነባ መንደር ነው። ፕሮግራሙ በተቀረፀበት ወቅት ዋነኛ ዓላማው መካከለኛና ዝቅተኛ ገቢ ያለውን የከተማ ነዋሪ የቤት ባለቤት ማድረግ ነበር። የመኪና ማቆሚያውም ሆነ የኤሌክትሪክ ዝርጋታው የታሰበው ለመብራት፣ ለቴሌቪዥን፣ ለማቀዝቀዣና ለእንጀራ ምጣድ እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ኃይል ለሚስብ ተሽከርካሪ አልነበረም።

የግል ግቢ ያለው ሰው የኤሌክትሪክ መኪና ሲገዛ ከቤቱ ቆጣሪ መስመር ስቦ በግቢው ውስጥ ቻርጅ ያደርጋል። በአራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ግን ይህ ዕድል የለውም። መኪናው የሚያድርበት ሥፍራ የጋራ ነው፤ ቆጣሪው በስሙ ቢሆንም መስመሩ እስከ ማቆሚያው አይደርስም። ከዚህ የተነሳ በኮንዶሚኒየሞች አካባቢ ሁለት መፍትሔዎች ይዘወተራሉ። አንደኛው ከመስኮት ወይም ከበረንዳ የኤክስቴንሽን ገመድ ወደ ታች መልቀቅ ሲሆን፣ ይህም ገመዱ በሚግልበት፣ ዝናብ በሚዘንብበትና ሕፃናት በሚጫወቱበት ሥፍራ ለአደጋ የሚያጋልጥ ነው። ሁለተኛው ከጋራ ቆጣሪ፣ ማለትም የደረጃና የግቢ መብራት ከሚያበራው መስመር መጠቀም ነው። ይህኛው ለባለመኪናው “ነፃ” ቢመስልም ሒሳቡ በመዋጮ የሚከፈል በመሆኑ መኪና የሌላቸው ጎረቤቶች የባለመኪናውን ወጪ ይሸፍናሉ ማለት ነው።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ያስቀመጠው መሠረታዊ ሐሳብ እዚህ ላይ ሊታወስ ይገባል። በአዋጁ መሠረት ቤቱ የግል፣ ደረጃው፣ ጣሪያውና ግቢው የጋራ ሲሆኑ የጋራ የሆነው የሚተዳደረው በቤት ባለቤቶች ማኅበር አማካይነት፣ ወጪውም በጋራ ተሸፍኖ ነው። ስለሆነም ከጋራ መስመር በነፃ ቻርጅ ማድረግ ለባለመኪናው የሚሰጥ ስጦታ ሳይሆን ከጎረቤት ኪስ የሚወጣ ድጎማ ነው። በሰፊው ሲታይም በመንግሥት ወጪ የሚሰጥ ነፃ ቻርጅ ከዚህ የተለየ ባሕርይ የለውም፤ ልዩነቱ የከፋዮቹ ቁጥር መብዛቱ ነው።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

አንድ መካከለኛ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል 100 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ በአማካይ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ኃይል ይፈጃል። በቀን 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሰው በቀን 7 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ በወር 200 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልገዋል። ለኪሎ ዋት ሰዓት 10 ብር ይከፍላል ብለን ብንነሳ እንኳ ወርኃዊ ወጪው 2 ሺህ ብር ነው። ተመሳሳይ ርቀት በቤንዚን የሚጓዝ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ቢፈጅ በወር 96 ሊትር ይጠይቃል። በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ አካባቢ በአዲስ አበባ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ከ120 ብር በላይ እንደነበር ሲታወስ ወጪው ከ11 ሺህ 500 ብር ይበልጣል።

ከዚህ የምንረዳው የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት ትክክለኛውን ዋጋ ከፍሎም ቢሆን ከቤንዚን ተጠቃሚው በብዙ እጥፍ የተሻለ ተጠቃሚ መሆኑን ነው። ሰዎች ወደ ኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ እንዲዞሩ ኤሌክትሪኩን በነፃ መስጠት አስፈላጊ አይደለም። የኮንዶሚኒየም ነዋሪውን ወደ ኋላ የሚይዘው የኤሌክትሪክ ዋጋ ሳይሆን ሶኬት፣ ቆጣሪና የማቆሚያ ቦታ ማጣቱ ነው።

ሌላው መታየት ያለበት የመስመር አቅም ነው። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ነው። ይሁን እንጂ ግድቡ ያመነጨው ኃይል ወደ ልደታ የሚደርሰው በሰፈሩ ትራንስፎርመርና በሕንፃው ማከፋፈያ በኩል በመሆኑ ማነቆው ከማመንጫው ይልቅ በመጨረሻዎቹ ጥቂት መቶ ሜትሮች ላይ ይገኛል። አንድ የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። አንድ 7 ኪሎ ዋት የግድግዳ ቻርጀር ሁለት ምጣዶች በአንድ ጊዜ እንደተጣዱ ይቆጠራል። አሥር ባለመኪኖች ከሥራ እንደተመለሱ በአንድ ጊዜ ቢሰኩ፣ እራት በሚዘጋጅበት ሰዓት ላይ ሃያ ምጣድ ተጨመረ ማለት ነው።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባሉት 8 ሰዓታት ውስጥ በ2 ኪሎ ዋት ብቻ በዝግታ ቻርጅ የተደረገ መኪና 16 ኪሎ ዋት ሰዓት ያገኛል። ይህም 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስኬደዋል። የአብዛኛው የከተማ ነዋሪ የዕለት ጉዞ ከዚህ አይበልጥም። ስለዚህ ለመኖሪያ መንደር የሚያስፈልገው ውድና ፈጣን ጣቢያ ሳይሆን ደኅንነቱ የተጠበቀ፣ ቆጣሪ የተገጠመለትና ሰዓቱ የተወሰነ ቀላል ሶኬት ነው። ፈጣኖቹ ጣቢያዎች ለታክሲዎች፣ ለአውቶቡሶችና ለረጅም ጉዞ ተስማሚ ሲሆኑ፣ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የከፈታቸውና ክፍያቸው በቴሌብር የሚፈጸምባቸው ጣቢያዎች ለዚህ ጥሩ ጅምር ናቸው።

ካለፈው ምን እንማራለን?

ነፃ ወይም ከወጪ በታች የሆነ አገልግሎት ምን ዓይነት መዘዝ እንደሚያስከትል ለመረዳት ከልደታ ርቆ መሄድ አያስፈልግም። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በልደታ በኩል የሚያልፍ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትራንስፖርት ነው። በጅምሩ ታሪፉ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ሆኖ ለዝቅተኛ ገቢ ተሳፋሪዎች ትልቅ እፎይታ ሰጥቷል። ነገር ግን ገቢው የጥገናና የመለዋወጫ ወጪን የሚሸፍን ባለመሆኑና መለዋወጫው የውጭ ምንዛሪ የሚጠይቅ በመሆኑ ከ41ዱ ባቡሮች በርካቶቹ በዓመታት ውስጥ ከመስመር መውጣታቸው ይታወሳል። ለብዙኃን ትራንስፖርት ድጎማ ማድረግ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ድጎማው ከየት እንደሚመጣ ካልታወቀ አገልግሎቱ ራሱ ይጎዳል። በነፃ የሚሰጥ የቻርጅ ሶኬትም ሲበላሽ የሚጠግነው በጀት ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው ትምህርት የነዳጅ ድጎማ ነው። ለዓመታት የቆየው አጠቃላይ ድጎማ ብዙ ነዳጅ የሚጠቀመውን ይበልጥ የሚጠቅም በመሆኑ መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ድጎማውን ለብዙኃን ትራንስፖርት ብቻ ያነጣጠረ በማድረግ ለሌሎች ደረጃ በደረጃ አነሳ። በነዳጅ ላይ በብዙ ድካም የተነሳውን የግል መኪና ድጎማ በኤሌክትሪክ በኩል እንደገና ማስገባት ከተያዘው የማሻሻያ አቅጣጫ ጋር የሚጣጣም አይሆንም። ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ገና የኤሌክትሪክ ተጠቃሚ ባልሆነበት ሁኔታ ለባለመኪና ነፃ ኃይል መስጠት ከፍትሐዊነት አኳያም ጥያቄ ያስነሳል።

የውጭ ተሞክሮም ከዚህ አይርቅም። በኖርዌይ የኦስሎ ከተማ አስተዳደር የኤሌክትሪክ መኪና ጥቂት በነበረበት ጊዜ ነፃ ቻርጅ በመስጠት ገበያውን አነቃቅቷል። የመኪኖቹ ቁጥር ሲጨምር ግን እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ ክፍያ ተሸጋግሯል። በስኮትላንድም በመንግሥት ድጋፍ የተተከሉ ጣቢያዎች በብዙ አካባቢዎች በነፃ ሲያገለግሉ ቆይተው የአካባቢ ምክር ቤቶች ቀስ በቀስ ታሪፍ አውጥተውላቸዋል። ነፃ በሆነበት ሥፍራ በቤቱ ቻርጅ ማድረግ የሚችለውም ይሰለፋል፤ ባትሪው የሞላ መኪናም ቦታውን አይለቅም። በዚህም የሚጎዳው ሌላ አማራጭ የሌለው ነው።

ሃይብሪድ ተሽከርካሪዎችም በጅምላ ሊታዩ አይገባም። መደበኛው ሃይብሪድ ባትሪውን በሞተሩና በፍሬን ኃይል የሚሞላ በመሆኑ ጭራሽ የሚሰካበት የለውም። የሚሰካው ሃይብሪድ በበኩሉ አነስተኛ ባትሪና የቤንዚን ሞተር ጭምር ስላለው ሶኬት ቢያጣም መንገድ ላይ አይቀርም። ስለዚህ ጠባብ በሆነ የጋራ ማቆሚያ ቅድሚያ የሚገባው ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ ለሚንቀሳቀሰው ነው።

ምን ቢደረግ ይበጃል?

ነፃ አገልግሎት ፈጽሞ ቦታ የለውም ማለት አይደለም። አዲስ ጣቢያ ሲከፈት ሕዝቡ እንዲለማመደው ለተወሰነ ጊዜ በነፃ መስጠት፣ ለአምቡላንስና ለአካል ጉዳተኞች ተሽከርካሪዎች ልዩ ድጋፍ ማድረግ፣ ለብዙኃን ትራንስፖርት የተቀነሰ ታሪፍ ማውጣት ተገቢ ነው። ወሳኙ ነገር የማብቂያው ጊዜና የወጪው ምንጭ አስቀድሞ መታወቁ ነው።

ለጋራ መኖሪያ መንደሮች ግን የመንግሥት ድጋፍ ለኪሎ ዋት ሰዓቱ ሳይሆን ለመሠረተ ልማቱ ቢውል የተሻለ ውጤት ያመጣል። በዚህ ረገድ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የትራንስፎርመሮችን አቅም ፈትሾ ለመንደሩ ማቆሚያ ከቤትም ከደረጃ መብራትም የተለየ ቆጣሪ ሊያስገባ ይችላል። ይህ ባለመሆኑ በወር 200 ኪሎ ዋት ሰዓት በቤተሰብ ቆጣሪ ላይ ሲደመር የቤቱን ፍጆታ ከፍ ወዳለ የታሪፍ እርከን ይገፋዋል። የቤት ባለቤቶች ማኅበራት በበኩላቸው በጠቅላላ ጉባኤ ወስነው የተወሰኑ ቦታዎችን ለቻርጅ ለይተው፣ ሰዓትና ተራ አውጥተው፣ የኃይሉንና የጥገናውን ወጪ የሚሸፍን ክፍያ ሊያስከፍሉ ይገባል። አራት ባለ3 ኪሎ ዋት ሶኬቶች በአንድ ጊዜ ቢሠሩ 12 ኪሎ ዋት ይስባሉ። ይህም የሦስት ወይም የአራት ምጣድ ያህል ሲሆን በሌሊት መስመሩ የሚሸከመው ሊሆን ይችላል። የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣንና የክፍለ ከተማው አስተዳደር ደግሞ በየመስኮቱ የሚንጠለጠለው ገመድ አደጋ ከማድረሱ በፊት የደኅንነት መስፈርቱን እስከ መንደር ድረስ ማውረድ ይጠበቅባቸዋል።

መንግሥት የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ እንዲስፋፋ የወሰነው የውጭ ምንዛሪ ለማዳንና የከተማውን አየር ለመጠበቅ ነው። ይህ ውሳኔ የግል ግቢ ላላቸው ብቻ እንዳይቀር የኮንዶሚኒየሙ ነዋሪም ተደራሽ ሊሆን ይገባል። ተደራሽነቱ የሚረጋገጠው ደግሞ እያንዳንዱ ባለመኪና የተጠቀመበትን ኃይል በራሱ ሒሳብ የሚከፍልበት፣ መኪና የሌለው ጎረቤቱም የማይነካበት ሥርዓት ሲዘረጋ ነው። ለዚህም የሚመለከታቸው ተቋማት የመንደሩን ቆጣሪ፣ ትራንስፎርመርና ማቆሚያ በአንድ ዕቅድ ውስጥ አካተው ከወዲሁ ሊሠሩ ይገባል።