የመስከረም ቁጥርና የጥር ልጆች

መስከረም ሲጠባ እኛ ቤት ሦስት ነገር አይቀርም፤ አደይ አበባ፣ እንቁጣጣሽ እና የምዝገባ ዜና። ሁለቱ ይወደዳሉ። ሦስተኛው ነፍስ ካወቅንበት ጊዜ ጀምሮ አልተለወጠም። «በክልሉ በዘንድሮው የትምህርት ዘመን ይህን ያህል ሚሊዮን ተማሪዎችን ለመቀበል ታቅዶ እስካሁን ይህን ያህሉ ተመዝግበዋል፤ አፈጻጸሙም ይህን ያህል በመቶ ነው።» ከዚያ ወደ ስፖርት። ሻዩን አስቀምጦ «ቆይ እስቲ፣ ከስንት ልጅ ነው ይህን ያህል?» ያለ ሰው አጋጥሞን አያውቅም። እኛም ብንሆን አላልንም። ጋዜጠኝነት ተምረን፣ ቁጥር ያለበት ዜና እንዴት እንደሚጻፍ ተፈትነን፣ ፈተናውንም አልፈን እንኳ አላልንም።

ጥያቄው የመጣልን በ2011 ዓ.ም. ነው። ለመመረቂያ ጽሑፋችን ብለን ወደ አንድ የጎጃም ገጠር ትምህርት ቤት ሄድን። (ስሙን አንጠራም። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስትወርዱ ይገባችኋል።) ከአስፋልት ወርዶ በእግር ሁለት ሰዓት ነው፤ ለአገሬው ማለታችን ነው፣ ለእኛ ሦስት ሰዓት ከምናምን ፈጅቷል። ወሩ ጥር ነበር። ርዕሰ መምህሩ ቢሯቸው አስገቡን። ግድግዳው አይታይም፣ ሁሉም ነገር በወረቀት ተሸፍኗል። ዕቅድ፣ ክንውን፣ ጥቅል ተሳትፎ፣ ንጥር ተሳትፎ፣ መጠነ መድገም፣ መጠነ ማቋረጥ፣ በወንድ፣ በሴት፣ በድምር። ቀዩና ሰማያዊው ማርከር ተራ በተራ ሠርቷል። ደብተራችንን አውጥተን መገልበጥ ጀመርን። ተደስተናል፤ ዳታ ተገኘ!

ከዚያ 1ኛ ክፍል ገባን። ልጆቹ ከድንጋይና ከጭቃ በተሠራ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ቆጠርናቸው። ግድግዳው ላይ ከተጻፈው ግማሽ ያህል ናቸው። ተሳስተናል ብለን እንደገና ቆጠርን። ያው ነው። ተመልሰን መምህሩን ስንጠይቃቸው አልደነገጡም፣ አልተቆጡምም። «እናንተ ልጆች፣ እዚህ ግድግዳ ላይ ያለው የመስከረም ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ያያችሁት የጥር ነው። ሁለቱን አታጋጩብኝ» አሉን።

ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም። የቀሩት የት እንዳሉ አንድ በአንድ ነገሩን። ትንንሾቹ አውድማ ላይ ናቸው፤ በሬ ይነዳሉ፣ ወፍ ይጠብቃሉ። ከፍ ያሉት ወንዶች መስከረም ላይ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ወርደዋል፤ አንዳንዱ ብር ይዞ ይመለሳል፣ አንዳንዱ ወባ ይዞ፣ አንዳንዱ ደግሞ እዚያው ይቀራል። ከሴቶቹ መካከል ያገቡ አሉ። ጥር መሆኑን አትርሱ፤ ከገና ጾም መፈታት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ጊዜ የሠርግ ወራት ነው። የቀሩት ደግሞ ድሮውንም ክፍል ገብተው አያውቁም። ነሐሴና መስከረም ላይ የምዝገባ ንቅናቄ ይደረጋል፤ መምህሩና የቀበሌው ሰው ቤት ለቤት ይዞራሉ። አባት ስም ይሰጣል። ስም መስጠት ቀላል ነው፤ እረኛውን መስጠት ነው የሚከብደው።

ታዲያ ለምን የጥሩ አይጻፍም? እዚህ ላይ ነገሩ የርዕሰ መምህሩ ብቻ እንዳልሆነ ልብ በሉልን። በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው የትምህርት ጥራት ማሻሻያ መርሐ ግብር ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠውን ድጎማ በተማሪ ቁጥር አሰላው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ልጅ የበዛበት ጠመኔ ይበዛለት። የመምህር ምደባም የተማሪ ቁጥርን ይከተላል። ስለዚህ መስከረም ላይ ቁጥሩ የሚያንስበት ርዕሰ መምህር ጠመኔም መምህርም ያንሰዋል፤ በዚያ ላይ ወረዳ ተጠርቶ በስብሰባ መሀል ይገመገማል። የሚበዛበት ይመሰገናል። በየእርከኑ ያለው ሰው ለየራሱ በቂ ምክንያት አለው። ቁጥሩ ከትምህርት ቤት ወደ ጉድኝት ማዕከል፣ ከዚያ ወደ ወረዳ፣ ዞን፣ ክልል ሲወጣ ደግሞ ግማሹ ባዶ የነበረው የጭቃ መደብ ከጀርባው አይታይም። እኛ ዘንድ በዜና ሲደርስ ንጹሕ ነው፣ ነጥብ እንኳ አለው፤ ምናምን ነጥብ ሦስት በመቶ።

አትሳቱ፣ ቁጥሩ ሁሉ ውሸት ነው እያልን አይደለም። እንዲያ ማለት አሁን አሁን ፋሽን ሆኗል፤ እኛም አንድ ሰሞን ብለነዋል፣ ጠቢብ የመሆን ስሜት ይሰጣል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ በአገሪቱ በሙሉ አንደኛ ደረጃ ይማር የነበረው ልጅ ከ4 ሚሊዮን በታች ነበር። በ2008 ዓ.ም. 20 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። በሃያ ዓመት! እናቶቻችን ትምህርት ቤት ለመድረስ የግማሽ ቀን መንገድ በሄዱበት አገር አብዛኛው ቀበሌ ትምህርት ቤት አገኘ፣ ዳስም ቢሆን፣ ጭቃም ቢሆን። ይህን የሠሩ ሰዎች አሉ፣ አብዛኞቹም ግድግዳው ላይ በማርከር ሲጽፉ የሚያመሹት ናቸው። በዚያው ሰሞን፣ በ2002 ዓ.ም. በተደረገ የንባብ ጥናት ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት አንዲት ቃል ማንበብ አለመቻላቸውም እውነት ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውም እንደዚሁ። ስለ ጥራት ሌላ ቀን እንጽፋለን፤ ዛሬ የቸገረን ከዚያ የሚቀድመው ነው። መቁጠሩ ራሱ።

ፐርሰንት ማለት፣ መቼም ሁላችሁም ተምራችኋል፣ ከላይ አንድ ቁጥር ከታች አንድ ቁጥር ነው። እኛ ስንከራከር የኖርነው በላይኛው ነው፤ «ይህን ያህል ልጅ ተመዘገበ፣ አልተመዘገበም፣ ተጋነነ»። የታችኛውን፣ ማለትም «ለትምህርት የደረሰ ልጅ ስንት ነው?» የሚለውን ማን ያውቀዋል? ኢትዮጵያ ሕዝቧን ለመጨረሻ ጊዜ የቆጠረችው በ1999 ዓ.ም. ነው። ቀጣዩ ቆጠራ በ2010 ይደረጋል ተባለ፣ ተዛወረ። በ2011 ይደረጋል ተባለ፣ እንደገና ተዛወረ። ስለዚህ የታችኛው ቁጥር ግምት ነው፣ ከቆጠራው በራቅን መጠን ደግሞ የግምት ግምት እየሆነ ሄዷል።

በአማራ ክልል ደግሞ የ1999ኙ ቆጠራ ራሱ ታሪክ አለው። ያኔ የተቆጠረው የክልሉ ሕዝብ 17.2 ሚሊዮን ገደማ ሲሆን፣ አስቀድሞ ከተተነበየው ከ2 ሚሊዮን በላይ አንሶ ነበር። ፓርላማ ድረስ ደርሶ አነጋግሯል። በዚያ ክርክር ማን ትክክል እንደነበር አንገባም። እኛን የገረመን ሌላ ነው። ታችኛው ቁጥር ሲያንስ ፐርሰንቱ በራሱ ጊዜ ያድጋል። አንድም ተጨማሪ ልጅ ክፍል ሳይገባ፣ አንድም ዴስክ ሳይገዛ፣ የክልሉ የትምህርት ተሳትፎ «ይሻሻላል»። እንዲያውም ጥቅል ተሳትፎ የሚባለው ከ100 በላይ ሲሄድ ሰዎች ይደነግጣሉ እንጂ ስህተት አይደለም። ዕድሜው 16 ሆኖ 5ኛ ክፍል የሚማረው ልጅ ከላይ ይቆጠራል፣ ከታች ግን የለም፤ ከታች ያሉት ከ7 እስከ 14 ዓመት ያሉት ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ከመቶ በላይ የሚል ቁጥር ሰምቶ «ሁሉም ልጅ ገባ» ብሎ ዜና የሚሠራ ጋዜጠኛ (እኛን ጨምሮ) ክፍል ይደግም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ርዕሰ መምህሩ ግድግዳ ላይ «መጠነ ማቋረጥ» የሚል ነበረ ብለናችኋል። ያቋረጠ ለመባል መጀመሪያ መመዝገብ ያስፈልጋል። ወደ ሁመራ የወረደው ልጅ ቢያንስ ስሙ አለ፤ «አቋረጠ» ተብሎ ይጻፍለታል፣ የሚጠይቅ ካለ ይጠየቅለታል። ጭራሽ ያልተመዘገበው ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ የለም። አላቋረጠም፣ አልደገመም፣ አልወደቀም። ያለው በታችኛው ቁጥር ውስጥ ብቻ ነው፣ ታችኛው ደግሞ ግምት ነው።

በ2011 ይህ የመመረቂያ ጽሑፍ ጉዳይ ነበር። በ2015 ክረምት በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል በክልሉ ግጭት ከተቀሰቀሰ በኋላ ግን ጉዳዩ ሌላ ሆነ። በ2017 የትምህርት ዘመን ክልሉ ከ7 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ለመቀበል አቅዶ ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ውጭ ሆኑ። ከ3 ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ኦሮሚያና ትግራይም የየራሳቸው ሚሊዮኖች አሏቸው፤ የትግራይ ልጆች በኮሮና ምክንያት በ2012 ከወጡበት ክፍል እስከ 2015 ድረስ አልተመለሱም። እንግዲህ በ2016 ሰባት ዓመት ሞልቶት የአካባቢው ትምህርት ቤት የተዘጋበትን ልጅ አስቡት። በ2017 ስምንት ሆነ። ማንም «አቋረጠ» አይለውም፣ አልጀመረማ። ነገ ሰላም ሆኖ ትምህርት ቤቱ ቢከፈት ምዝገባው የሚጀምረው አዲስ ሰባት ዓመት ከሞላቸው ነው። አሥራ አንድና አሥራ ሁለት የሆነው ከሰባት ዓመት ልጅ ጋር መደብ ላይ ለመቀመጥ ያፍራል። ዜናው ግን መስከረም ላይ ይመጣል፤ «ከአምናው ጋር ሲነጻጸር የላቀ አፈጻጸም» ተብሎ። ከአምናው ጋር ሲነጻጸርማ የማይልቅ ምን አለ?

እዚህ ከተማ ሆነን ይህ ምን ያገባናል የምትሉ ካላችሁ፣ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ እራት የምታቀርብላችሁን ልጅ ስንተኛ ክፍል እንዳቆመች ጠይቋት። ጫማችሁን የሚጠርገውን ሊስትሮም ጠይቁት። እኛ ጠይቀናል። አንዷ «6ኛ» አለችን፣ ቀጥላ ደግሞ «ግን ስሜ 7ኛም ላይ አለ» ብላ ሳቀች። ደላላ ይዟት ሲመጣ ወሩ ጥቅምት ነበር፤ መስከረም ላይ ተመዝግባለች። እሷ አዲስ አበባ ሽንኩርት እየከተፈች፣ አገሯ ላይ በሰማያዊ ማርከር ሴት በሚለው ረድፍ ውስጥ ተቆጥራለች። ዜናውን የሰማነው እሷ ባፈላችው ቡና ላይ ሆነን ሊሆን ይችላል።

ምን ይደረግ ለሚለው የእኛ መልስ ከባድ አይደለም። የመስከረሙ ቁጥር ይቅር አንልም፤ የጥሩም ከጎኑ ይነገር። ለጋዜጠኛ ጓደኞቻችንም ይህንኑ እንላለን፣ መስከረም የዘገባችሁትን ትምህርት ቤት ጥር ላይ ተመለሱበት። ድጎማውም በተመዘገበው ሳይሆን ሁለቴ ተቆጥሮ በተገኘው ይሰላ፤ ሁለተኛው ቆጠራ አንሶ በመገኘቱ ግን ማንም አይገምገም፣ አለበለዚያ ጥርም መስከረም ይሆናል። የታችኛው ቁጥርን በተመለከተ ደግሞ አገራዊ ቆጠራ እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም። በየገጠሩ ጤና ኬላ አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የየቤቱን ሰው በስም የያዘ የቤተሰብ ፎልደር እንዲይዙ ከተደረገ ዓመታት አልፈዋል። እሱንና የትምህርት ቤቱን መዝገብ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማን እንደጎደለ በስም ማየት ይቻላል። ሁለቱ ቢሮዎች በብዙ ቀበሌ የሚለያያቸው አንድ ሜዳ ነው። ፎልደሩም በየቦታው እኩል እንደማይያዝ እናውቃለን፤ ቢሆንም ከግምት ግምት ይሻላል።

አንድ ተቃውሞ አለ፣ ትክክለኛም ነው። ጦርነት ባለበት አካባቢ የስም ዝርዝር መያዝ አደገኛ ነው። ክፈት የሚልና አትክፈት የሚል ታጣቂ መካከል የቆመ መምህር ላይ፣ ሕይወታቸውን ያጡ መምህራን ባሉበት ክልል፣ «መዝግብ» ብሎ ከአዲስ አበባ መጮህ ይቀላል። ስለዚህ መጀመሪያ መሣሪያ የያዙት ሁሉ ከትምህርት ቤት ግቢ ይውጡ፤ ልጅ ፊደል በመቁጠሩ የሚሸነፍ ወገን ካለ ድሮውንም አሸናፊ አልነበረም። የትምህርት ቤቱን ስም ያልጠራነውም ለዚሁ ነው።

በ2017 መጨረሻ ላይ ለርዕሰ መምህሩ ደወልንላቸው። ከስንት ሙከራ በኋላ ገባ። ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው። ግድግዳው ላይ የነበረው ሁሉ ዝናብ ገብቶበታል፤ መዝገቦቹን ግን በጆንያ አድርገው ቤታቸው ወስደው ከእህሉ ጋር ቆጥ ላይ ሰቅለዋቸዋል። «የሁለቱ ዓመትስ?» አልናቸው። «የሁለቱ ዓመት መዝገብ የለም» አሉ። ዝም አሉ። ቀጥለው ከሰፈራቸው ሰባት ዓመት የሞላቸውን ልጆች ስም ከነአባታቸው ይጠሩልን ጀመር። ዘጠነኛው ላይ ሲደርሱ መስመሩ ተቋረጠ።