ቼዝ የሚጫወት የምርጫ ሣጥን

የምርጫ ወሬ በተነሣ ቁጥር «በኮምፒውተር ቢሆን ኖሮ እኮ ማን ያጭበረብር ነበር?» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። እኛም ገንዘብ በሞባይል የምንልክ ልጆች ነንና ሐሳቡ አማልሎን ነበር። አሁን ግን እንቃወማለን።

እስኪ ሆላንድን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2006 አብዛኛው የሆላንድ መራጭ ድምፅ የሚሰጠው ኔዳፕ በተባለ ኩባንያ ማሽን ነበር። ማሽኑ ለምርጫ ብቻ የተሠራ ነው፣ እስኪ ቼዝ ሲጫወት አሳዩን ተባለ። ጥቂት አክቲቪስቶች ፈቱትና ቼዝ አጫወቱት! ቺፑን ቀይረውም ድምፅ እንዲሰርቅ አደረጉት። ለቅየራው ደቂቃዎች በቁ። በ2008 ሆላንድ ወደ ወረቀትና እርሳስ ተመለሰች።

አየርላንድስ? በዚሁ ማሽን ላይ ከ50 ሚሊዮን ዩሮ በላይ አፈሰሰች። ከሙከራ ሳያልፍ መጋዘን ውስጥ ከርሞ፣ በ2012 በ70 ሺህ ዩሮ ገደማ ለቁራሌ ተሸጠ።

ቁም ነገሩን የተናገረው ግን የጀርመን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ነው። በ2005ቱ ምርጫ የዋሉት ማሽኖች ሕገ መንግሥቱን ይጥሳሉ ብሎ በ2009 ፈረደ። ድምፅ ተሰርቋል አላለም። ማንኛውም ዜጋ፣ ያለ ልዩ የቴክኒክ እውቀት፣ የቆጠራውን ዋና ዋና ደረጃዎች ማረጋገጥ መቻል አለበት ነው ያለው።

«ባንኩስ በኮምፒውተር አይደል?» ትሉን ይሆናል። ነው። ሒሳባችን ሲጎድል ግን ስቴትመንት ይዘን እንጮኻለን። ድምፅ ምስጢር ነው። ማንን እንደመረጥን የሚናገር ደረሰኝ ይዘን ከወጣን ምስጢርነቱ ቀረ፤ ደረሰኝ ከሌለን ደግሞ ጉድለቱን በምን እናውቃለን?

ወረቀትም ይሰረቃል፣ አንክድም። ነገር ግን በየጣቢያው ሣጥን ለመገልበጥ ብዙ እጅ ያስፈልጋል፤ ብዙ እጅ ያለበት ደግሞ ብዙ አፍ አለ። ኮድ ለመቀየር አንድ ዝምተኛ ሰው ይበቃል።

በእኛም አገር በ2013ቱ ምርጫ ድምፅ የሰጠነው በወረቀት ነው። ነገ ማሽን ይግባ የሚል ቢመጣ መልሳችን አጭር ነው፦ ኮምፒውተሩ መዝገብ ይያዝ፣ ድምር ያፋጥን። ቆጠራው ግን በወረቀት፣ በታዛቢ ፊት፣ ጮክ ተብሎ ይሁን። አያታችን ቆመው አይተው ያላመኑትን ቆጠራ እኛም አናምንም!